የጡረተኞች ፎልደር

ጫማ ሰሪው የተገኙት ከቆዳ መጋዘናቸው ደረጃ ሥር ወድቀው ነው። ያገኘቻቸው ከጎናቸው ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ናት። የእሷ ውሃ ማሞቂያ ከተበላሸ ከርሟል፤ ልታሠራውም አስባ አታውቅም፤ በየማለዳው ባልዲዋን ይዛ ጫማ ሰሪው ዘንድ ብቅ ትላለች። ያን ዓርብ ጠዋት በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። "ጋሼ፣ ዛሬ ቀደሙኝ እንዴ?" ብላ ገባች። መልስ የለም። መብራቱ በርቷል፤ በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አንድ የልጅ ጫማ ግማሹ ተሰፍቶ ተቀምጧል፤ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን የሚወርደው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልቁል ብታይ ነጩ ጭንቅላታቸው ታያት። ባልዲው ከእጇ አምልጦ እየተንኳኳ ደረጃውን ወረደ።

በሕይወት ነበሩ። ሆስፒታል ሲደርሱ ግን ሐኪሟ ለፖሊስም ለጎረቤትም ያለችው አንድ ነገር ነው፤ "ሊነቁ ይችላሉ፤ ላይነቁም ይችላሉ።" በዚያ ዕድሜ እግሩ ደረጃ ስቶ የወደቀ ብዙ ነውና ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በቀኝ ክንዳቸው ላይ የሰው ጣቶች ጨምድደው የያዙበት ሰንበር አለ። የቆዳ ሽርጣቸው ማንገቻም ተበጥሷል።

ጉዳዩ ለጓዙ ተሰጠ።

ጓዙ ስሙ አይደለም፤ ባልደረቦቹ ያወጡለት ነው። ይህ ኢንስፔክተር በምርመራ ሥራው ይታወቃል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን የሚታወቀው በስልኩ ነው። አንድ የማስታወሻ መያዣ አፕ ይጭናል፤ ሰሞኑን "እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም" እያለ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያደነቁራል፤ ብዙም ሳይቆይ የተሻለ ይሰማና ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያኛው ይገባል። የምስክር ቃል በአንደኛው፣ የሚስቱ የገበያ ትእዛዝ በሌላኛው፣ የፋይል ቁጥር ደግሞ እሱ ራሱ በማያስታውሰው በሦስተኛው ውስጥ ይቀራል። አለቃው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እያሉ የሚተርቱት ለእሱ ነው። ሚስቱማ "ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት መቆየትህ ይደንቀኛል" ትለዋለች። "አንቺ እኮ ራስሽን በየጊዜው ታሻሽያለሽ" ይላታል፤ ትስቅለታለች።

አለቃው ግን እየሳቁም ቢሆን መላ አበጅተዋል። ከወረቀት ደብተር በቀር ሌላ የማታውቅ፣ ጽሑፏ እንደ ማተሚያ የጠራ፣ ነገር የማታበዛ ሃምሳ አለቃ ረዳት አድርገው መድበውለታል። በዚያ ዓርብም ቀድማው ሱቁ ደርሳ ነበር።

"ኢንስፔክተር፣ ይህን ይዩት" አለችው።

ከሙጫው ቆርቆሮ አጠገብ አንድ ታብሌት ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ ቡናማ የቆዳ ቀለም ነክቶታል።

"መቆለፊያ የለውም?"

"አለው። ቁጥሩን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለእኔም የነገረችኝ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ስከፍተው ይሄ ጽሑፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘሁት። የተጻፈው ትናንት ሐሙስ፣ ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት ነው።"

ጓዙ አነበበው። "ረዳቴን መፍራት ጀምሬያለሁ። ሱቁን በስሟ እንዳዞርላት ታስጨንቀኛለች። አንድ ነገር ብሆን እሷን ጠይቁ።"

ጫማ ሰሪው እንደ ማንኛውም ጫማ ሰሪ አልነበሩም። የሚሠሩት አንድ እግሩ ላጠረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ለዞረ፣ ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ጫማ ለማይሆነው ሰው ነው። ረዳታቸውም በዚያው በር የገባች ናት። ግራ እግሯ ከቀኟ ያጥራል፤ በልጅነቷ እናቷ አዝላ አመጣቻት፤ ጫማ ሰሪው የመጀመሪያ ጫማዋን ሠሩላት፤ በዚያ ጫማ ቀጥ ብላ ቆመች። ከፍ ስትል ሙያውን ልማር ብላ ተመልሳ መጣች። አሁን አርባ ሊሞላት ነው፤ በቅርቡም ታገባለች። ሰርጓን ሰፈሩ ሁሉ ከእሷ በላይ እየጠበቀው ነበር።

ጓዙ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ማዶ አስቀምጦ ጠየቃት።

"ትናንት ከሥራ ስትወጪ የት ሄድሽ?"

"ጋሼ ይዘጋሉ ብዬ በጊዜ ወጣሁ። ቤቴ ገባሁ።"

"በቀጥታ?"

ዓይኗን ወደ ጫማዋ ጣል አደረገች። "በቀጥታ" አለች።

አከራይዋ ግን ሌላ ተናገሩ። ልጅቷ አምሽታ መግባቷን፣ ሲያገኟትም ከኮቷ ሥር አንድ ነገር ደብቃ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትሰጥ ወደ ክፍሏ መሮጧን መሰከሩ። ሃምሳ አለቃዋ ይህን ጽፋ ደብተሯን ዘጋች።

"ጽሑፉ አለ፤ የሱቁ ቁልፍ በእጇ ነው፤ ዋሽታለች። ሰኞ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ ማስረከብ አለብን። ሽማግሌው ከሞቱ ክሱ ነፍስ ማጥፋት ነው የሚሆነው።"

ረዳቲቱን ወደ ጣቢያ ሊወስዷት ሲነሱ የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ጋሼ ነቅተው እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሙጫው ክዳን እንዲከደንላት። "ይደርቃል፤ የልጁ ጫማ አላለቀም" አለች። ጓዙ ራሱ ከደነው። ከዚያ ይህችን ነገር ልመዝግባት ብሎ ስልኩን ሲከፍት "ነጻ የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል" የሚል ጽሑፍ መጣበት። ሃምሳ አለቃዋ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ፀጉር ሠሪዋ ሌላም ነገር ነግራቸው ነበር። ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሱቁ ድረስ መጥቶ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ጮኾ ሄዷል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አገኙት፤ ግዙፍ ሰው ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

"አዎ ጮኼባቸዋለሁ። ልጄ ባረጀ ጫማ እያነከሰ ነው፣ አዲሱ አላለቀም። ምን ላድርግ፤ አባት ነኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምን ከዚያ አለ! እየጮኽኩ ሳለሁ 'ስልክህን አምጣ' አሉኝ። ሰጠኋቸው። አንድ አፕ ጫኑልኝ። 'የልጅህን እግር ልኬት ከዚህ ታየዋለህ፤ ጫማው የት እንደደረሰም ታየዋለህ፤ ሁለተኛ መጮህ አያስፈልግህም' አሉኝ። ሰው በዚህ ላይ ምን ይላል? ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ማታውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ፤ ካሜራው ይመሰክራል።"

"አፑ ማን ይባላል?" አለ ጓዙ ቀልጠፍ ብሎ።

"እልፍኝ።"

ጓዙ ስሙን መዘገበ። ለምርመራው ብሎ አልነበረም፤ የሙከራ ጊዜው ያለቀበት ሰው ማደሪያ ሲፈልግ ነው። ሃምሳ አለቃዋ የዚህኛውን ምክንያት በደንብ ገምታ ተነፈሰች። የአውቶቡሱም ካሜራ እንደተባለው መሰከረ፤ ሹፌሩ ከነገሩ ወጣ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የጫማ ሰሪው የወንድም ልጅ ቁጭ ብሎ አገኙት። ቀለም መሸጫ ሱቅ ያለው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ የማይጮኽ ሰው ነው። ለነርሶቹ ሁሉ ለስላሳ ገዝቶ አድሏል፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ጓዙ እውነት ያሳዝናል ብሎ አሰበ።

"ከእኔ በቀር ዘመድ የላቸውም" አለ ሰውዬው። "ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ስለ ልጅቷ በውስጤ የሆነ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ግን በሰው ላይ ምን ብዬ ልናገር?"

"ሐሙስ አመሻሹ ላይ የት ነበሩ?"

"ሱቄ። ሠራተኛዬን ጠይቁት።"

ሠራተኛው በስልክ "አዎ፣ ነበሩ" አለ። ሃምሳ አለቃዋ ያንንም ጻፈች። የጻፈችው ሁሉ አሁንም ወደ አንዲት ሴት ብቻ ነበር የሚያመለክተው።

ቅዳሜ ጓዙ ቢሮው ገብቶ ተቀመጠ። አእምሮው አላረፈም፤ የሙጫው ክዳን ነገር ከጭንቅላቱ አልወጣ ብሎታል። ሰው ገፍትራ የጣለች ሴት የሌላ ሰው ልጅ ጫማ ያሳስባታል? ያሳስባት ይሆናል፤ ሰው ጉድ ነው። ግን አልተዋጠለትም። ሐሳቡን ሊሰበስብ ብሎ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስለ እልፍኝ ለማወቅ ልቡ ቆሞ፣ የሽማግሌውን ታብሌት ከማስረጃ ክፍል አስመጣ።

ሃምሳ አለቃዋ ስትገባ ጎንበስ ብሎ ሲነካካው አገኘችው።

"ኢንስፔክተር፣ የማስረጃ ዕቃ ላይ አፕ ሊሞክሩ ነው?"

"እያየሁ ብቻ ነው" አለ እንደተያዘ ልጅ። እልፍኝ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ መሐል ላይ አለች፤ ሲነካት ግን የይለፍ ቃል ጠየቀችው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ቁጥር ሞከረ፤ አልተቀበለችውም። ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፈ፤ ምንም የለም። በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ አንዲት ፎልደር ብቻ አለች። ጫማ ሰሪው ስም ሰጥተዋታል፤ "ጡረተኞች"።

ጓዙ ብቻውን ሳቀ። በእሱ ስልክ ውስጥም እንዲህ ያለች ፎልደር አለች፤ የእሱ "የቀድሞ ፍቅረኞች" ነው የምትባለው፤ ሚስቱ አይታ ሊያስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። የሽማግሌውን ከፈተ። የተተዉ የማስታወሻ አፖች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹን እሱም አንድ ጊዜ ገብቶ ወጥቶባቸዋል። ከመጨረሻዋ ላይ ዓይኑ ቆመ። ሳቁም ቆመ።

"ያ ስለ ረዳቲቱ የሚለው ጽሑፍ በየትኛው አፕ ላይ ነበር የተገኘው?"

ደብተሯን ገለጠች። "ማኅደር ላይ።"

"ማኅደር ጡረታ ወጥታለች።"

"ምን ማለት ነው?"

"አንቺ ቤት ለቅቀሽ ታውቂያለሽ? ዕቃሽን አውጥተሽ፣ አዲሱ ቤት ገብተሽ፣ ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ተመልሰሽ በአሮጌው ቤት ወጥ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?"

"ለምን ብዬ?"

"እኮ። እኛ የምንለቅቅ ሰዎች ብዙ ጉድለት አለብን፤ ወደ ለቀቅነው ቤት ግን አንመለስም። ነይ እዪው።" ማኅደርን ከፈተ። የልጆች እግር፣ የተረከዝ ከፍታ፣ የፎርማ ቁጥር፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ተጽፏል። ከዚያ ከአንድ ወር በፊት በድንገት ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ያለው ያ የሐሙሱ ጽሑፍ ብቻ ነው። "ከወር በላይ አንድም እግር አልለኩም? የሹፌሩን ልጅ ልኬት ማን ወሰደው? ሁሉም እልፍኝ ውስጥ ነው። ሰውዬው ገብተዋል፣ ተደላድለዋል። በጣም የፈሩትን ነገር ሊጽፉ ሲሉ ግን የዘጉትን ቤት ከፍተው ገቡ?"

ሃምሳ አለቃዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ታዲያ ማን ጻፈው?"

"ሽማግሌው ዛሬም ማኅደር ላይ እንደሚጽፉ የሚያምን ሰው። አፑን በስሙ ፈልጎ የከፈተ ሰው። እልፍኝን የማያውቅ።"

"ብዙ ሰው አያውቅም እኮ።"

"እዚያ ሱቅ የረገጠ ሰው ላያውቅ አይችልም" አለ ጓዙ። ይህን በራሱ ያውቀዋል። አዲስ አፕ የያዘ ሰው እንደ አዲስ አባት ነው፤ ፎቶ ሳያሳይ አያሳልፍም። "እንሂድ፤ እንጠይቅ።"

ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። እልፍኝ የሚለውን ስትሰማ ማበጠሪያዋን ወደ ጣሪያው አነሳች።

"ኧረ እልፍኝን አይጥሩብኝ ወንድሜ! ወሩን ሙሉ ቁም ስቅሌን ነው ያሳዩኝ። ውሃ ልቀዳ ስገባ እልፍኝ፣ ባልዲ ልመልስ ስገባ እልፍኝ። ስልኬን ተቀብለው ጫኑልኝ። 'የማሞቂያ ጥገና' ብለው ጽፈው በየማለዳው እንዲያስታውሰኝ አደረጉት።" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። "ዛሬም አስታወሰኝ። እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ስልኬ እሳቸውን ሆኖ ይነዘንዘኛል። ይንቁልኝ እንጂ ዛሬውኑ ነው የማሠራው።"

"የወንድማቸው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር?"

"ማን፣ ባለቀለሙ? ድሮ አንዳንዴ ብቅ ይል ነበር። አሁን ቅዳሜ እኔ ሥራ ስለሚበዛብኝ አንገቴንም ቀና አላደርግ፤ አላውቅም።"

ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመለሱ። ረዳቲቱ ከማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻሻለች።

"ጋሼ በመጨረሻ ስልክሽ ላይ ምን ጫኑልሽ?" አላት ጓዙ።

ጥያቄው ቢገርማትም መለሰች። "እልፍኝ። ግን ከፍተው ያላሳዩኝ ገጽ አላቸው። ስመጣ ይዘጉታል። ምን እንደሚደብቁኝ እንጃ።"

ጓዙ ከጎኗ ተቀመጠ። "እህቴ፣ ያን ጽሑፍ እሳቸው እንዳልጻፉት አውቄያለሁ። አንቺ ግን ስትዋሺኝ እንዴት አድርጌ ላውጣሽ? ሐሙስ የት ነበርሽ?"

አንገቷን ደፋች። ስትናገር ድምፏ የሌባ ድምፅ ነበር።

"ጫማ ስገዛ።"

"ምን?"

"መሐል ከተማ፣ ትልቁ ጫማ መሸጫ። ለሰርጌ። ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ በሠሩልኝ ጫማ ነው የሄድኩት። ለአንድ ቀን ብቻ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን፣ ተረከዙ ቀጭን የሆነውን ላድርግ ብዬ። አንዱን ተረከዝ በስውር እኔው ላስተካክለው ነበር። እሳቸው ቢሰሙ… እጃቸውን የናቅሁባቸው ይመስለኛል። እግር የሰጡኝ ሰው ናቸው እኮ። እስር ቤት ይሻለኛል ብዬ አይደለም፤ ግን እንዴት ብዬ ልናገረው?" አለችና አለቀሰች።

ሃምሳ አለቃዋ ሳትታዘዝ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ አፏ ጥግ ላይ ፈገግታ አለ። ጫማ መሸጫው ልጅቷን አልረሳትም። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ የጫማውን ሁሉ ሶል እየገለበጠች ስፌቱን የመረመረች፣ "ይህ ሙጫ ክረምት አይወጣም" ብላ ሻጮቹን የገሠጸች፣ በመጨረሻም አንዱን ከነነቀፋዋ የገዛች ደንበኛ ሌላ አልገጠማቸውም። ደረሰኙም፣ ካሜራውም አለ። በመመለሻዋም ሃምሳ አለቃዋ ወደ ቀለም መሸጫው ጎራ ብላ ነበር። ሠራተኛው በስልክ "ነበሩ" ያለውን ፊት ለፊት ስትጠይቀው አለሳለሰው። ጌታው ሐሙስ አመሻሹ ላይ ለደንበኛ ላድርስ ብሎ አንድ ጣሳ ቀለም ይዞ ወጥቷል። ሲመለስ ጣሳው አብሮት ተመልሷል።

የወንድም ልጁን ጠሩት። ጓዙ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ስለ አጎቱ ጤና ጠየቀው፤ ውሃ አቀረበለት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር ብለውኛል።"

"አንድም አልቀረሁም።"

"ያለፈውም ቅዳሜ?"

"ያለፈውም። ሻይ ጠጣን፣ ስንጫወት ቆየን።"

"እኔ አንድ ክፉ አመል አለብኝ" አለ ጓዙ ስልኩን እያወጣ። "ማስታወሻ የሚያዝበት አፕ መሞከር እወዳለሁ። አጎትዎም እንደ እኔ ናቸው ሲሉ ሰማሁ። ምንድን ነበር የሚጠቀሙት? ጥሩ ከሆነ እኔም ልጫነው ብዬ ነው።"

ሰውዬው ፊቱ ፈታ አለ። "ማኅደር ነዋ! በእሷ ነገር እብድ ነበሩ። ሌላ ወሬም የላቸው። ለእኔም ጭነውልኛል፤ ይኸው።"

"ባለፈው ቅዳሜም በእሷ ሲጽፉ አይተዋል?"

"አጠገቤ ተቀምጠው።"

ጓዙ የፀጉር ሠሪዋንና የሹፌሩን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የረዳቲቱንም አስከተለ። በሦስቱም ላይ አንዲት ዓይነት ምልክት ትታያለች።

"ይህች እልፍኝ ትባላለች። አጎትዎ ከወር በላይ ሆኗቸዋል፤ የሚጽፉት በእሷ ነው። የሚያወሩትም ስለ እሷ ብቻ ነው። ሊጮኽባቸው የመጣው ሹፌር እንኳ ሳይጫንለት አልወጣም። እርስዎ አራት ቅዳሜ አብረው ሻይ ጠጥተው ስሟን እንኳ አልሰሙም?"

ሰውዬው ሦስቱን ስልኮች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ የራሱን ስልክ አየ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ አልመጣህም" አለ ጓዙ። ሳያስበው አንቱታውን ትቶታል። "ከመጣህ ብዙ ጊዜ ሆኖሃል። የመጣኸው ሐሙስ ነው፤ ቀለም ላድርስ ብለህ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለዚህ ሰው ግን አላደረም፤ ያን ጊዜውኑ ፊቱ ላይ ነጋ። እጁን በፊቱ ላይ ጭኖ ተናገረ። ሱቁ ያለበት ቤት የአያቱ ነበር። ለመሸጥ ሲጠይቅ አጎቱ እምቢ ብለው ተቀያይመው ከርመዋል። ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ሊለምናቸው ቢመጣ፣ "ቤቱ ለልጅቷ የሰርግ ስጦታ ነው፤ ወስኛለሁ" አሉት። ክንዳቸውን ያዘ። እሳቸው ለመላቀቅ ሲጎትቱ፣ እሱ በንዴት ሽርጣቸውን ይዞ ገፋቸው። የምድር ቤቱ በር ከጀርባቸው ክፍት ነበር።

"የሞቱ መስሎኝ ነበር" አለ። "ከዚያ ታብሌቱን አየሁት።"

"ወዲያው ሰው ብትጠራ ኖሮ የንዴት ነገር ነው፤ ዳኛም ይረዳዋል። አንተ ግን እሳቸውን እዚያ ጥለህ ቁጭ ብለህ ጻፍክ። በአንድ እጅህ ሁለት ሰው ልታጠፋ ነበር።"

ሃምሳ አለቃዋ ቃሉን ጽፋ ሰጠችው፤ አንብቦ ፈረመ።

ሽማግሌው የነቁት እሑድ ጠዋት ነው። ሐኪሟ ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ቀኑን ስትጠይቃቸው "ታብሌቴን አምጪልኝና እነግርሻለሁ" አሏት፤ በዚህ ጊዜ አእምሯቸው ደህና መሆኑን ሁሉም አወቀ። የገፋቸው ማን እንደሆነም ያስታውሳሉ። ስሙን ሳይጠሩ፣ "የወንድሜ ልጅ ነው፤ በእጄ ነው ዳዴ ያለው" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ጓዙ ያኔ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

ረዳቲቱ ከጣቢያ እንደተለቀቀች በቀጥታ መጣች። እየሮጠች ነበር፤ በዚያ እግር እንዲያ የሚሮጥ ሰው ጓዙ አይቶ አያውቅም። ከአልጋው ጎን ተንበርክካ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ገና ሳትጠየቅ የጫማውን ነገር ሁሉ ዘረገፈችው። የት እንደገዛችው፣ ተረከዙ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ፣ እንዴት እንዳፈረች፣ ሁሉንም ተናገረች።

ሽማግሌው ታብሌቱን ተቀብለው እልፍኝን ከፈቱ። የይለፍ ቃሉን ሲጽፉ በደካማ እጃቸው ከለሉት። "ይህችን ገጽ አንቺ እንዳታያት ነበር ይህ ሁሉ መቆለፍ" አሉና አዞሩላት።

የሰርግ ጫማ ነበር። ነጭ፣ ተረከዙ ቀጭን፣ የግራው ከፍታ በውስጥ በኩል ተደብቆ ከውጭ ሁለቱ እኩል የሚመስሉበት ንድፍ ነው። ጎን ለጎን የተተወ፣ የተሰረዘ፣ እንደገና የተሳለ ነበረበት።

"አዲስ ጫማ መሞከር ኃጢአት ነው ያለሽ ማን ነው?" አሏት። "እኔ ስንት ጊዜ ነው ቤት የለወጥኩት? ያለፈው ደግ ስላልነበረ አይደለም። ይልቅ ያን የገዛሽውን አምጪልኝ፤ ተረከዙን እንዴት እንደያዙት ልየው።"

እሷም ሳቀች፣ አለቀሰችም። ጓዙ በመስታወቱ በኩል ያያቸዋል። ሃምሳ አለቃዋ መሐረብ አቀበለችው፤ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልጻፈችም።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ጓዙ የመጨረሻውን ሰነድ ሊያስፈርም ወደ ሱቁ ሄደ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሙቅ ውሃ ይወርዳል፤ ማሞቂያው ተሠርቷል። የሹፌሩ ልጅ በአዲስ ጫማ በሱቁ ደጃፍ እየተሯሯጠ አባቱን ያስጨንቃል። ሽማግሌው ግን ከመሥሪያ ጠረጴዛው ማዶ አልነበሩም። ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነበሩ። ውድቀቱ ቀኝ እግራቸውን ጎድቶታል፤ ሲራመዱ ይጎትቱታል።

ረዳቲቱ፣ አሁን የሱቁ ባለቤት፣ ከፊታቸው በርከክ ብላ ባዶ እግራቸውን ከጭኗ ላይ አድርጋ ትለካለች። በልጅነቷ እሳቸው የእሷን እንዲያ ይዘው ነበር። ሜትሩን ታዞራለች፣ ቁጥሩን ለራሷ ታንሾካሹካለች፣ ከዚያ እልፍኝን ከፍታ አዲስ ገጽ ላይ ትጽፋለች። የደንበኛው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ "ጋሼ" ብላለች።

ጓዙ በሩ ላይ ቆሞ አላቋረጣቸውም። እሱም ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ከእልፍኝ አልወጣም፤ ሚስቱ ለጤናው ሰግታለች።

ሽማግሌው ግን አዩት፤ ዓይናቸውም በራ። "ኢንስፔክተር፣ ና እስቲ ቅረብ። ሆስፒታል አብሮኝ የተኛ ሰው አንድ አዲስ አፕ አሳይቶኝ ነበር። እልፍኝ ከእሷ ጋር ስትነጻጸር ምንም አይደለችም…"

ጓዙ ሳያውቀው ስልኩን አውጥቶ ወደ ፊት አጎነበሰ። ሽማግሌውም ሊያሳዩት ወደ ታብሌቱ ተንጠራሩ።

"ጋሼ" አለች ከሥር፣ ቀና ሳትል፣ "እግርዎን አያንቀሳቅሱብኝ። ገና አልጨረስኩም።"

ሁለቱም ጸጥ ብለው ጠበቋት።